ከገንዳው የጠጣ

“መልስ! ውሻህን መልስ ብያለሁ!”

የማርያምወርቅ ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳች። የባላምባራስ ዓምደ ሚካኤል ሎሌ ከጥዱ ሥር ቆሟል። በጠፍር የያዘው ትልቅ ጥቁር ውሻ ምላሱን አውጥቶ ወደ ገንዳው ያያል።

“እሜቴ፣ ውሃ ብቻ ነው። ጌታዬ ‘ዛሬ እሑድ ነው፤ ልባቸው ይራራ እንደሆን ሞክር’ ብለው ነው የላኩኝ።”

“ውሃ እንደሆን ከወንዝ ሞልቷል። ይህ ገንዳ በሚካኤል ስም በሐሰት ያልማለ ሰው ውሻ የሚጠጣበት ነው። ሂድና እንዲህ አለች በላቸው።”

ሎሌው ወዲያ ወዲህ ቢያይ የሚያግዘው አጣ። “ና እሱያውቃል፣ ና” እያለ ውሻውን ጎትቶ ወደ መጣበት ዞረ። የማርያምወርቅ ድንጋዩን አልወረወረችውም፤ ሰውየው ከዛፎቹ ኋላ እስኪሰወር ድረስ ግን ከእጇ አላወጣችውም።

ይህች ሴት ቂሟን እንደ ማተብ አንገቷ ላይ ያሰረች ናት፤ ተኝታም አትፈታውም።

ነገሩ የቆየ ነው። ከተማው እንጦጦ ላይ በተቆረቆረበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ሰዉ ገና ድንኳኑን እየነቀለ ጎጆ ሲቀልስ፣ የባላምባራስ ዓምደ ሚካኤል ውሻ አብዶ ወንድሟን ወልደ ኢየሱስን ክንዱን ነከሰው። ወልደ ኢየሱስ እናታቸው ጥላው ስትሞት የማርያምወርቅ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነበር። ቁስሉ ድኖ፣ ጠባሳው እንኳ ሊጠፋ ሲል፣ አንድ ጧት ውሃ ብትሰጠው ዋንጫውን አይቶ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም አታወራም። ጎረቤቱ ግን ሰምቷል፤ ቤቱ የጭራሮ ነበርና።

ሸንጎ ፊት ቆሙ። ባላምባራስ እጃቸውን ዘርግተው፣ “ሚካኤልን! ያን ዕለት ጧት ውሻዬ ውሃውን ግጥም አድርጎ ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያበደ ውሻ ውሃ ይጠጣል?” ብለው ማሉ። ሸንጎው ተንጫጫ። ያበደ ውሻ ውሃ እንደሚሸሽ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ወልደ ኢየሱስ በምን እንደሞተ ደግሞ አገር አይቷል። ዳኛው በመሐላው ለቀቋቸው፤ ሰዉ ግን አልለቀቃቸውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ባላምባራስ ሲያልፉ ጨዋታ ይቆማል።

የማርያምወርቅ የፈለገችው ጉማ፣ የደም ካሳ፣ አልነበረም። “የእኔ ውሻ ነው የገደለው” ብለው አንድ ጊዜ እንዲናገሩላት ብቻ ነበር። አልተናገሩም። እሷም ማለች። “ከዚያ ቤት ውሃ ብቀበል ጉሮሮዬ ይዘጋ” አለች። የባላምባራስ ሚስት የሞቱ ጊዜ መንደሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ሲሄድ፣ እሷ ደጇ ላይ ብቅል ስታሰጣ ዋለች። ጠላ ሻጭ ሆና ለቅሶ መቅረት ራሷን መጉዳት መሆኑ አልጠፋትም፤ ቢሆንም ቀረች።

ውሻ ስታሳድግም ስሙን መችጠፋኝ አለችው። በአፍ የማይነገረውን በውሻ ስም መናገር የአገሩ ልማድ ነው። ባላምባራስ በበቅሎ ባለፉ ቁጥር፣ ውሻው እግሯ ሥር ተኝቶም ቢሆን፣ “መችጠፋኝ! ኧረ መችጠፋኝ!” ብላ ትጣራለች። ባላምባራስም ሰንብተው አዲስ ቡችላ አመጡና እሱያውቃል አሉት፤ እግዜርን ማለታቸው ነው። እንዲህ አድርገው ሁለቱ ሰዎች አንድ ቃል ሳይለዋወጡ በውሾቻቸው ሲነታረኩ ዓመታት አለፉ።

ገንዳው የእሷ ሐሳብ ነበር። ወንድሟን ቀብራ እንደተመለሰች ከወይራ ግንድ አስፈልፍላ ከምንጩ በታች አስቀመጠችና፣ “ውሻ ያለው ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያምጣ። ሰው እያየው ይጠጣ። ያልጠጣ ይገደላል” አለች። መጀመሪያ የሳቁባት ኋላ መጡ። ጎረቤቷ ፈትለወርቅ ቀይዋን ሴት ውሻ ይዛ መጣች። እንጨት ቆራጮቹ መጡ፤ የዘበኞች ሚስቶች መጡ፤ ከታች ከየካ ደግሞ ገበሬው ኦቦ ገረሱ ከብት ጠባቂ ውሾቻቸውን አስከትለው ወጡ። ቋንቋ ያላግባባቸው ሰዎች በውሻ ተግባቡ። እሷ ውሻን “ሰሬ” ማለትን ከኦቦ ገረሱ ተማረች፤ እሳቸው ደግሞ የአማርኛ ስድብ ሁሉ ከእሷ ለመዱ። የፈትለወርቅ ውሻ ስትወልድ ቡችሎቹ ለየቤቱ ታደሉ። ቅርጫ ሲታረድ አጥንቱ ለገንዳው ሰዎች ይቀመጣል። አንዱ ዘመቻ ሲሄድ ሌላው ውሻውን ያበላለታል፤ ሳይመለስ ሲቀርም ቤቱ ሄዶ ያለቅስለታል።

መሪጌታ ኃይለ መስቀል ግን ባለፉ ቁጥር ሳይተርቡ አያልፉም። የዛሬውም እሑድ አልቀረላቸውም።

“የጊዮርጊስ ማኅበር አውቃለሁ፣ የማርያም ማኅበር አውቃለሁ” አሉ ሻሻቸውን እያስተካከሉ። “የውሻ ማኅበር ያየሁ እናንተ ዘንድ ነው። ጽዋችሁም ገንዳ!”

“የእኛዎቹ ጠጥተው አይጣሉም፣ መሪጌታ” አለች የማርያምወርቅ። “ባለፈው የእናንተ ማኅበር የፈነከተውን ሰው ያጠብሁት እኔ ነኝ።”

ሰዉ ሳቀ። መሪጌታም ስቀው ወደ ላይ ወጡ። የሰዉ ሳቅ ግን ያን ሰሞን ቶሎ ያልቅ ነበር።

ኅዳር ነው። መኳንንቱ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቤት መሥራት ጀምረዋል፤ ሎሌውም እቃውን አሸክሞ እየተከተለ ነው። ጎጆ በየቀኑ ባዶውን ይቀራል። ሰው ሲሄድ ለውሻ አይነግርም፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የተዘጋ ደጅ እየጠበቁ ይከሳሉ፤ ከዚያ መጠበቁን ይተዉና ጫካ ይገባሉ። በዚያ ላይ ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ ከኮተቤ በኩል መጥቶ የኦቦ ገረሱ ከብቶች መሐል ገብቶ ነበር። ሰው አይቶ የማይሸሽ ቀበሮ የጤና አይደለም። ኦቦ ገረሱ በጦር ወጉት። ነገር ግን ያን ዕለት የማርያምወርቅ ገብስ ልትገዛ ከውሻዋ ጋር ወርዳ ኖሮ፣ መችጠፋኝ ቀድሞ ተናንቆታል። ከላይኛው ከንፈሩ ላይ የጥፍር ይሁን የጥርስ ያልለየ ጭረት ቀረበት።

ሕጉን ያወጣችው እሷ ናትና አሰረችው። እሑድ እሑድ በገመድ እየጎተተች ገንዳው ዘንድ አመጣችው፤ ጠጣ። በየሳምንቱ ጠጣ። “ይበቃዋል፣ ገንዳው ፈቶታል” አሏት። ፈታችው።

ዛሬ ተራው ሲደርስ መችጠፋኝ ሌሎቹን ውሾች አይቶ ጮኸ። ጩኸቱ እንደ ወትሮው ጀመረና መሐል ላይ ተሰብሮ ወደ ላይ ቀጠነ፤ ማላዘን ሆነ።

“ምን ሆነ ይሄ?” አለ አንዱ እንጨት ቆራጭ። “ጠላሽን ቀመሰ እንዴ?”

“የጠላዋ ቅራሪ ነው፤ ሰውም ያስለቅሳል” አለች ፈትለወርቅ።

መችጠፋኝ ወደ ገንዳው ሄደ፤ አንገቱን አስግጎ ረጅም ጊዜ ጠጣ። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው በአንድ አፍ፣ “ጠጣ! እሰይ!” አሉ። ከእሱ በኋላ የፈትለወርቅ ውሻ ጠጣች፤ ከእሷ በኋላ የኦቦ ገረሱ ሁለቱ ውሾች ጠጡ። ለሁሉም “እሰይ” ተባለ።

የማርያምወርቅ ግን “እሰይ” ስትል ዓይኗ ከመችጠፋኝ አልተነሳም። የተሰበረው ጩኸት ጆሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር።

በማግስቱ ጧት የጠላ ጋን ስታጥን መችጠፋኝ ደጁ ላይ አፈር ሲልስ አየችው። ይልሳል፣ ይውጣል፣ ደግሞ ይልሳል። ቀጥሎ የአጥሩን እንጨት ነክሶ ሰነጠቀና ስንጥሩን ዋጠ። ከዚያ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ምንም በሌለበት፣ ዝንብ እንደሚይዝ አየሩን ቀጨም አደረገ።

“መችጠፋኝ?” አለችው።

ጭራውን ወዘወዘላት። በሰባራ ገል ውሃ አቀረበችለት። ጠጣ። ጠጥቶ ቀና ሲል ከአፉ ጥግ ምራቁ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ አልላሰውም። ዓይኑ እሷን ያያል፤ ግን እንደሚያውቃት አይደለም፤ ስሟን ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ነው።

“እትዬ የማርያምወርቅ! ኧረ እትዬ!” ፈትለወርቅ እሳት ልትጭር መጣች። ትንሿ ልጇ ሸዋረጋ ከኋላዋ ድክ ድክ ትላለች። ሕፃኗ መችጠፋኝን እንዳየች እንደ ሁልጊዜው እጇን ዘርግታ፣ “ችጠፋኝ! ችጠፋኝ!” እያለች ወደ ውሻው ሮጠች።

“ያዣት!”

የማርያምወርቅ እንዲህ ስትጮህ ፈትለወርቅ ሰምታ አታውቅም። የእሳት መጫሪያ ገሏን ጥላ ልጇን በአንድ እጇ አንጠለጠለቻት። ሕፃኗ አለቀሰች። ውሻው ወደ ልቅሶው ዞረ፤ ጆሮውን አስተኛ።

“ምነው? ምን ሆነ?”

“ወደ ቤትሽ ሂጂ። ቀይዋን ውሻሽን እሰሪያት።”

“ለምን አስራታለሁ? ትናንት ጠጥታ የለም? የአንቺውም ጠጥቷል! ያ ሁሉ ሰው አይቶ የለም እንዴ?”

“ጠጥቷል።”

“እንግዲህ ምንድን ነው የምታስፈራሪኝ? ገንዳው የፈታውን እኛ እናስራለን?”

የማርያምወርቅ ወደ ውሻው ዞረች። በዚያች ቅጽበት፣ ሳትጠራው፣ የሰው ድምፅ መጣባት፤ ከብዙ ዘመን በፊት ሸንጎ ፊት የሰማችው ድምፅ። “ሚካኤልን! ውሃውን ግጥም አድርጎ ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ።” ይህን ድምፅ ስትጠላው ኖራለች። ዛሬ ግን ጠልታ ልትገፋው ብትሞክር አልሄድ አላት።

“ሂጂ ብያለሁ፣ ፈትለ። እስክጠራሽ እንዳትወጪ።”

ፈትለወርቅ እያጉረመረመች ሄደች። የማርያምወርቅ የጋን መሸከሚያውን ጠፍር አውርዳ፣ በረጅም እንጨት ጫፍ ቋጠሮ ሠርታ የውሻውን አንገት ከሩቅ አጠለቀችውና ከደጇ ጥድ ግንድ ጋር ጠረነቀችው። ጠፍሩን መንከስ ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ግራ እጇን ያየችው። ቅዳሜ የአጋም አጥር ስታጥር እሾህ ቧጭሯት ነበር፤ ጠብታ ደም ወጥቶ ነበር። መችጠፋኝም መጥቶ ልሶላታል። ውሻ የላሰው ቁስል ቶሎ ይድናል ይባላልና ዝም ብላ አስልሳዋለች።

እጇን በአመድና በውሃ አሸች። ደግማ አሸች። ቆዳው እስኪቀላ አሸችና በጨርቅ አሰረችው። ከዚያ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። መንገዱን የምታውቀው ከሩቅ ነው፤ በዚያ በኩል ሄዳ አታውቅም።

የባላምባራስ ቤት ጣራው ሣሩ ተገፎ ወራጁ ይታያል። ቤቱ ሴት እንደሌለው ከደጁ ያስታውቃል። በሩ ላይ ቆመች። ሰው ቤት ሲደርሱ እንደሚባለው ተጣራች።

“የቤቱ ጌታ! ውሻ ያዙልኝ!”

እሱያውቃል ጮኸ። ቆማ አዳመጠችው። ወፍራም፣ ሙሉ፣ ያልተሰበረ ጩኸት ነው። ባላምባራስ በትራቸውን ተደግፈው ወጡ። በቅርብ ካየቻቸው ዘመን ወዲህ በጣም አርጅተዋል፤ ወይስ በቅሎ ላይ ሲሆኑ አይታይም ነበር።

“ማነው?”

“የማርያምወርቅ ነኝ።”

ባላምባራስ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ፣ “ውሻሽን ልትጣሪ ከሆነ ከደጅሽ ሆነሽም በደንብ ይሰማኛል። እዚህ ድረስ መድከም አልነበረብሽም” አሉ።

“የመጣሁት ልጠይቅ ነው።”

“ጠይቂ።”

“ያን ጊዜ። ውሻዎ በእርግጥ ውሃ ጠጥቶ ነበር?”

ባላምባራስ በትራቸውን መሬት ላይ አጠንክረው ተከሉት። “ይህን ለመጠየቅ ይህን ሁሉ ዘመን ፈጀብሽ?”

“ይመልሱልኛ።”

“ጠጥቷል። በሚካኤል የማልሁት ቧልት መሰለሽ? ሚስቴ ስትሞት አልጋዋ ላይ ሆና ‘እውነቱን ለእኔ እንኳ ንገረኝ፣ በሐሰት ነው የማልኸው?’ ብላኛለች። እሷም ሳታምነኝ ሞተች። ይህን ያደረግሽ አንቺ ነሽ።”

የማርያምወርቅ የምትታገስ ሴት አይደለችም። ዛሬ ግን ታገሰች። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

“ከመጠጣቱ ሌላ ምን አዩበት?”

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ከመንከሱ በፊት። ሌላ ምን ነበረው?”

ባላምባራስ ፊታቸውን ወደ ጫካው አዞሩ። “እሱን ማንም አልጠየቀኝም” አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

“እኔ እየጠየቅሁዎ ነው።”

“ድምፁ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። ሲጮህ ጫፉ ላይ ያላዝናል። አፈር ይልስ ነበር፤ ባዶ አየር ይነክስ ነበር። ብርድ መትቶት ነው አልሁ። ከጌታዬ በስጦታ ያገኘሁት ውሻ ነው፤ እወደው ነበር። ዳኛው የጠየቀኝ ‘ጠጣ ወይስ አልጠጣም’ ብሎ ነው። ጠጣ አልሁ። ስለ ድምፁ ብናገር ዕዳው እኔ ላይ ሊወድቅ ነው፤ ዝም አልሁ። በሐሰት አልማልሁም፣ የማርያምወርቅ። ያየሁትን ሁሉ ግን አልተናገርሁም።”

ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ይህ ሰው ያን ነገር ይህን ሁሉ ዘመን ደረቱ ውስጥ ይዞ፣ በደጇ በበቅሎ እያለፈ ኖሯል። እሷ ደግሞ ከኋላው የውሻ ስም ስትጣራ ኖራለች። አንድ ቀን ዝም ብላ ብትጠይቀው፣ ወይም እሱ ሳይጠየቅ ቢናገር፣ ሰዉ ከገንዳው ይልቅ ጆሮውን ያምን ነበር።

“መችጠፋኝ ድምፁ ተሰብሯል” አለች።

“ጠጣ?”

“ጠጣ። ትናንት ሰዉ ሁሉ እያየ። ዛሬም ጠጣ።”

ባላምባራስ ወደ ውስጥ ገብተው ስናድር ጠመንጃቸውን ይዘው ወጡ። ጥዱ ዘንድ ሲደርሱ መችጠፋኝ ጠፍሩን አጋምሶታል፤ አፉ በአረፋና በደም ተለውሷል። ባለቤቱን አይቶ ጭራውን ለመወዝወዝ ሞከረ፤ መሐሉ ላይ ረሳው።

“ዞር በይ” አሉ ባላምባራስ።

“አልዞርም። ለወንድሜም አልዞርሁም።”

ተኩሱ ሲያስተጋባ የእንጦጦ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ከላይ ከቤተ መንግሥቱ በኩል ጮኸ፤ ከታች ከየካ ጮኸ፤ ባዶ ከቀሩት ጎጆዎችም ጮኸ። የማርያምወርቅ ቆማ ድምፁን በየተራ ለመለየት ሞከረች። ከቅርብ፣ ከፈትለወርቅ ደጅ በኩል፣ አንድ ጩኸት ጀመረና ጫፉ ላይ ቀጠነ። ቀጠነ፣ ወይስ የገደሉ ማሚቶ ነው? ባላምባራስን አየቻቸው። እሳቸውም ወደዚያው ጆሯቸውን አቅንተዋል።

ከቀትር በኋላ የገንዳው ሰዎች በሰኞ ቀን ተሰበሰቡ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ውሾቻቸውን እንዲያስሩ አስቀድማ ልካባቸው ባዶ እጃቸውን መጥተዋል፤ እጃቸውን ምን እንደሚያደርጉት አላወቁም። ኦቦ ገረሱ ዳገቱን በጥድፊያ ወጥተው ያለከልካሉ። ሁሉም ባላምባራስን ከእሷ ጎን ቆመው አይተው ከገንዳው ማዶ ቆሙ።

የማርያምወርቅ አጭር አድርጋ ነገረቻቸው። ባላምባራስም ያዩትን ሁሉ፣ ድምፁንም አፈሩንም፣ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ።

“ታዲያ ስንት ዓመት ሙሉ ‘እሰይ’ ስንል የኖርነው?” አለች ፈትለወርቅ። “ገንዳ፣ ገንዳ፣ ገንዳ ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽም?”

“እኔ ነኝ።”

“የእኔ ውሻ ከእሱ ቀጥላ ነው የጠጣችው! ልጄ አብራት ነው የምትተኛው!”

“ሁሉም ከእሱ ጋር ጠጥቷል” አሉ ኦቦ ገረሱ በቀስታ። “የእኔም ጠጥተዋል። ምራቁ እዚያው ነው የቀረው።”

ሰዉ ሁሉ ወደ ገንዳው አየ። ውሃው ሞልቶ ሰማዩን ይዟል፤ ንጹሕ ነው። የማርያምወርቅ ሄዳ እግሯን በገንዳው ጎን አስደገፈችና ገፋችው። ከባድ ወይራ ነው፤ እምቢ አላት። ባላምባራስ በትራቸውን ከሥር ሰደው አነሱላት። ገንዳው ተገለበጠ፤ ውሃው በሣሩ ላይ ፈሶ ወደ ሰዎቹ እግር መጣ፤ ሰዎቹም ወደ ኋላ ሸሹ።

“ከእንግዲህ መጠጣቱን አታምኑም” አለች። “እሰሩ፤ ራቅ ብላችሁም ድምፁን ስሙ። የውሻው ድምፅ የተሰበረበት ሰው ደግሞ እኔን አይቶ አይደብቅ።”

ኦቦ ገረሱ የታሰረውን እጇን ያዩት ያን ጊዜ ነው። “እጅሽስ?”

“እሾህ ነው።”

“እሾህ ብቻ?”

ልትዋሽ አፏን ከፈተች። ባላምባራስ አጠገቧ ቆመዋል።

“እሾህ ነው። ልሶኛል” አለች።

ሰዉ አንድ እርምጃ ራቀ። ክፋት አይደለም፤ እግር በራሱ የሚያደርገው ነው። ፈትለወርቅ ብቻ መልሳ አንድ እርምጃ ቀረበችና እዚያው ቆማ ማልቀስ ጀመረች።

“መሪጌታ ሥር ያውቃሉ፤ እንልክባቸው” አለ አንዱ እንጨት ቆራጭ።

“ይላክ። ለወልደ ኢየሱስም ሰጥተውት ነበር።”

የማርያምወርቅ ወደ ባላምባራስ ዞረች። ወገባቸው ላይ ለመንገድ የሚይዟት የውሃ ቅል ተንጠልጥላለች። ከቤታቸው የወጣች ናት።

“ውሃ ይስጡኝ” አለቻቸው።

ባላምባራስ ደነገጡ። መሐላዋን ያውቃሉ፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። “ከምንጩ ልቅዳልሽ?”

“ከቅሉ። ከቤትዎ ውሃ።”

ክዳኑን ከፍተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች። የቅሉን አፍ ስታይ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ውሃው ከሥር ይንቦጫቦጫል። ጠጣች። ጉሮሮዋ ሲወርድ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ ያያል፤ ቅሉ እስኪደርቅ ድረስ ጠጣች።

“እሰይ” ያለ ሰው አልነበረም።

አፏን በታሰረው እጇ ጠርጋ ቅሉን መለሰችላቸው።

“ነገም ይምጡ” አለቻቸው። “ከነገ ወዲያም ይምጡ። ውሃ መጠጣቴን አይመኑና ያናግሩኝ፤ ድምፄን ይስሙ። የሰሙትን ደግሞ በዚህ ጊዜ ሳይጠየቁ ይናገሩ።”